የብሩ አንበሳ የማን ነው?

በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ፓሪስ ተሠርቶ 1887 ዓመተ ምሕረትን የያዘው የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ ገጹ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ በሌላው ገጹ አንበሳ ይዟል። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ወደ ቀኝ ይመለከታሉ፤ ስማቸውና ማዕረጋቸው በግዕዝ ዙሪያውን ተጽፏል። አንበሳውም ዘውድ ደፍቷል። አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ጫፉ መስቀል የሆነ በትር ከነሰንደቁ ይዞ ይራመዳል፤ ከበላዩ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ የተነሣው የግራ እግሩ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ደግሞ የቀኝ እግሩ። ዛሬ እነዚህን ጠገራዎች የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱን ዓይነት ከሌላው የሚለዩት በዚህች እግር ጭምር ነው።

ከእግሩ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ጽሑፉ ላይ ነው። አሸነፈ የተባለው አንበሳ ማን ነው? በሌላው ገጽ ያሉት ንጉሥ ናቸው ወይስ ክርስቶስ? ይህን መመለስ የሳንቲም አዋቂዎች ሥራ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ምልክት በገንዘብ ላይ ሲቀመጥ ለማን ይመሰክራል? ምልክቱን ያነሣው ንጉሥ ሲወድቅስ ምልክቱ አብሮ ይወድቃል? ይህን ለመመርመር መቀሌና ዙሪያዋ የተመቹ ናቸው። መስቀል በብር ላይ ከታተመባቸው የዓለም ቀደምት አገሮች አንዱ አክሱም ከዚያው ምድር ነው፤ ምስል የሌለው ገንዘብ፣ አሞሌ ጨው፣ ወደ ደጋው የሚወጣው በመቀሌ በኩል ነበር፤ አንበሳን በማኅተማቸው ያኖሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛም ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት እዚያው ነው።

አንበሳው ከሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎች ይነሣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 49 ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሲባርክ ይሁዳን በአንበሳ ደቦል ይመስለዋል፤ በትረ መንግሥትም ከዘሩ እንደማይወጣ ይነግረዋል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 ደግሞ በሰባት ማኅተም የታተመውን መጽሐፍ የሚፈታ ጠፍቶ ባለ ራእዩ ሲያለቅስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንደነሣ ያበሥረዋል። የሳንቲሙ ጽሑፍ ከዚህ የመጣ ነው። ሳንቲሙ ያልጻፈው ቀጣዩን ነው። ዮሐንስ ስለ አንበሳ ሰምቶ ሲመለከት ያየው አንበሳ አይደለም፤ እንደታረደ ሆኖ የቆመ በግ ነው። ድል የነሣው የታረደው ነው ማለት ነው፤ የራእዩ ፍሬ ነገር በሙሉ በዚህ መገለባበጥ ላይ ቆሟል።

ከዚህ ሲታይ በአንበሳው እግር ያለው መስቀል ለጌጥ የገባ አይደለም። አንበሳ ብቻውን የጉልበት ምልክት ነው፤ የአሦርና የባቢሎን ነገሥታት በግምቦቻቸው ላይ ቀርጸውታል፣ የእንግሊዝ ነገሥታት በጋሻቸው ላይ ሥለውታል፣ የፋርስ ሻሆችም ከፀሐይ ጋር አጣምረው በሰንደቃቸው ላይ አውጥተውታል። የኢትዮጵያው ከእነዚህ የሚለየው በያዘው ነገር ነው። ሳንቲሙ በጉን ባያሳይም በጉ የታረደበትን ዕንጨት አሳይቷል። መስቀሉ ከተነሣ የሚቀረው በየትኛውም ንጉሥ ግምብ ላይ ሊገኝ የሚችል አውሬ ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ጉዳይ አንሥቷል። ጽሑፉ በመነሻው የነገሥታት ማዕረግ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚቆም ክርስቲያናዊ ቃል እንደነበረ ይከራከራል፤ በደብዳቤዎች አናት ላይ ከንጉሡ ስም በፊት የሚገባው በመስቀል ወይም በሥላሴ ስም መጀመር የተለመደ በመሆኑ ነው። የምኒልክ ብር ይህን ክርክር ያግዛል። ስምና ማዕረግ በንጉሡ ገጽ፣ የድሉ ቃል በአንበሳው ገጽ ለየብቻቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ገጽ የሚነግሠውን ይናገራል፤ ሌላው ያሸነፈውን። በሰዋስው ደረጃ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም።

ነገር ግን ሳንቲም በሰዋስው አይነበብም። በዘመኑ ብሩን ይገበያዩበት ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። የሚያዩት ዘውድ የደፋ ሰው ነው፤ ሲገለብጡት ዘውድ የደፋ አንበሳ። ዓይን ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሊቅ አያስፈልገውም። ከዚህ ሌላ ሁለቱን የሚያስተሳስር ነባር ትምህርት ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግዕዝ እንደመለሱት በመደምደሚያው የተጻፈው ክብረ ነገሥት የኢትዮጵያን ነገሥታት ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ፣ በዚያም በኩል ከይሁዳ ያወርዳቸዋል። ክርስቶስም በሥጋ ከይሁዳ ነው። እንዲህ ከሆነ ንጉሡ የአንበሳው የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ የአንበሳውን ስም ሲጠሩ የባዕድ ስም አልወሰዱም። አሻሚነቱ የተንኮል ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የዘር ሐረጉን እውነት ብሎ ለተቀበለ ሰው ንጉሡና መሲሑ በአንድ ምልክት ሥር መጠለላቸው የሚገርም አልነበረም። ወደ ኋላ ግን ሚዛኑ እየተዛባ ሄደ። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የአንበሳው ቃል ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ጋር ተጣብቆ የማዕረጋቸው መጀመሪያ መሆኑ በሕግ ጸና። ስለ ሌላ አሸናፊ የቆመው ምስክርነት የባለ ሥልጣኑ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው።

ቅዱስ ምልክትን በብር ላይ ማተም በምኒልክ አልተጀመረም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ አንሥቶ፣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም ያሠሩ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የሚታየው የቀድሞው እምነት ምልክት፣ ግማሽ ጨረቃና ክብ ነው። ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወጥቶ መስቀል ገባ። በሮም ግዛት መስቀል በሳንቲም ላይ ገና በጥጋጥግ በሚገባበት ዘመን አክሱም ዋና ምልክት አድርጎታል።

የአክሱምን የብር ሳንቲም በቅርብ የተመለከተ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያያል። ሳንቲሟ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ሆኖም በአንዳንዶቹ ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም ከመስቀሉ መሀል ስስ ወርቅ ተለብጧል። ወርቁ በሚዛን ቢታይ ለዋጋው የሚጨምረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እያንዳንዷን ለይቶ በእጅ መለበጥ ግን የአንጥረኛን ቀን ይበላል። በንግድ ሒሳብ ይህ ኪሳራ ነው። ሥራው ትርጉም የሚያገኘው ሳንቲሟ ከመገበያያነት ሌላ አገልግሎት ነበራት ከተባለ ብቻ ነው፤ መስቀሉ በእጅ ውስጥ እንዲያበራ ተፈልጓል።

ከነሐሶቹ መካከል ደግሞ የንጉሡ ስም ጨርሶ ያልተጻፈባቸው አሉ። «ንጉሥ» ብቻ ይላሉ፤ በሌላው ገጽ መስቀል አለ፣ በመስቀሉ ዙሪያ በግሪክኛ ነገሩ አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል ሰፍሯል። ይህ ከምኒልክ ብር ጋር ሲነጻጸር የተለየ መንፈስ አለው። የአክሱሙ ጽሑፍ ድል አያውጅም፤ አዲሱን ምልክት ለሕዝቡ አቅርቦ ደስታውን ይለምናል። አንድ መንግሥት ሃይማኖቱን በገንዘቡ ላይ ሲያወጣ በዚህ ቃል መጀመሩ ከኋለኞቹ ዘመናት ቃላት ሁሉ ይበልጥ ትሕትና ያለበት ነው ማለት ይቻላል።

የአክሱም ሳንቲም በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ቆመ። ከዚያ በኋላ ከሐረር በስተቀር አገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የራሱን ሳንቲም አላሠራም። ቦታውን ከያዙት ዋናው አሞሌ ጨው ነው። አፋሮች ከዳሎል ዝቅተኛ ምድር ፈልፍለው በልክ የሚጠርቡት ጨው በግመልና በአህያ ተጭኖ፣ አርሆ በሚባሉት የጨው ነጋዴዎች እየተነዳ ወደ መቀሌ ይወጣ፣ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይሠራጭ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብነት እንደሚያገለግልና ከመቆፈሪያው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አሞሌ ምስል የለውም፤ የንጉሥ ስምም መስቀልም ጨረቃም የለውም። ዋጋው በራሱ ውስጥ ያለ ነው፤ ካልተገበያዩበት ይበሉታል። ክርስቲያኑ የትግራይ ነጋዴና ሙስሊሙ አፋር ለብዙ ዘመን የተስማሙበት ገንዘብ ይህ መሆኑ ልብ ይባል። ስለ ማን አምላክነት ምንም የማይናገር ገንዘብ ነው።

አሞሌን ተከትሎ የመጣው ማርትሬዛ የሚባለው የኦስትሪያ ጠገራ ምስል አለው፤ ግን የማንም የአገሩ ሰው ምስል አይደለም። በ1780 (እ.ኤ.አ.) የሞተችው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሁሉ ያንኑ የ1780 ዓመት ይዘው ወጡ። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ገበያተኛው ለሴትዮዋ ማንነት ግድ አልነበረውም፤ ግን ምስሏን አጥብቆ ይመረምር ነበር። በትከሻዋ ያለው የጌጥ መርፌና በራሷ ላይ ያለው የዕንቍ ፈርጥ ጥርት ብሎ ካልታየ ብሩን አይቀበልም። ዕንቍዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይህ ስለ ምልክት የሚያስተምረው ነገር አለ። ሰዎች ምስልን ሳያከብሩት ሊያምኑት ይችላሉ፤ መተማመኛነትና ክብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምኒልክ ያሠሩት ብር በክብደት ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነበር፤ የብር መጠኑም እንዲሁ የተቀራረበ። አንበሳው የአገሩ፣ ጽሑፉ የቤተ ክርስቲያን፣ ንጉሡ የዐድዋ ድል አድራጊ ናቸው። ያም ሆኖ ገበያው የሞተችውን የባዕድ ንግሥት መረጠ፤ ማርትሬዛ ከምኒልክ ብር ጋር ቆየ፣ በብዙ ቦታም አሸነፈው። ሃይማኖተኛ የሆነ ሕዝብ መስቀል የያዘውን አንበሳ ትቶ ንስር ያለበትን መረጠ ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ያስደንቃል፤ ነገሩ ግን ክህደት አልነበረም። ሰው ለሚገበያይበትና ለሚያመልክበት የተለያየ ሚዛን ይዟል ማለት ነው። ምልክቱ ቅዱስ በመሆኑ ገንዘቡ አይጸድቅም።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይበልጣል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የብር ሃምሳ ሳንቲምና የመዳቡ ሃያ አምስት ሳንቲም ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱን ምስልና አንበሳውን ይዘው ነበር። ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም በብር ቀለም እየተለቀለቀ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ማለፍ ጀመረ። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ የመዳቡን ዳር ዳር እየወጋ መሸንሸን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ሃያ አምስት ሳንቲሞች ዳራቸው የተሸነሸነ ሆነ። አንበሳው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ የታመነውን ከተጭበረበረው መለየት አልቻለም። በመጨረሻ ሥራውን የሠራው መቀስ ነው።

በወንጌል ፈሪሳውያን ግብር መክፈል ይገባል ወይ ብለው ሲጠይቁ ክርስቶስ ዲናር አስመጥቶ በላዩ ያለው ምስልና ጽሑፍ የማን እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። መልሱ በሳንቲሙ ላይ ታትሟል፤ የቄሣር ነው። ያ ዲናር ምስሉም ጽሑፉም የቄሣር ስለነበረ ለቄሣርና ለእግዚአብሔር የሚገባውን መለየት ቀላል ሆነ። የምኒልክ ብር ግን በአንድ ገጽ ቄሣርን፣ በሌላው የክርስቶስን ስም ይዟል። ይህን ይዞ ለማን ይመለስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያጣል። የአገሩ ነገሥታት የፈጠሩት ችግር በትክክል ይህ ነው፤ ለመለየት የተሰጠውን መለኪያ አጣምረውታል። ከዚያ ሁሉ በላይ ያው ብር በአፋሩ፣ በሐረሩና በጅማው ሙስሊም እጅ ይገባ ነበር፤ ቤተ እስራኤልም ያገኘው ነበር። ለቤተ እስራኤል የይሁዳ አንበሳ የያዕቆብ በረከት ነው፣ ራእዩን አያውቁትም፤ ለሙስሊሙ ምልክቱ የመንግሥት ማኅተም ከመሆን አያልፍም። ገንዘብ የሁሉ ነው፤ እምነት ግን የሁሉ አይደለም። ነጋዴው ብሩን መቀበሉ ጽሑፉን መቀበሉ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ሰላም ሆነ፤ ያም ማለት ምስክርነቱ በተግባር ታጥፎ ነበር።

ለንጉሥ ምልክት ምን ያህል ክብር ይገባል የሚለው ክርክር በትግራይ አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው፣ በኋላ ማዕከላቸው በአጋሜ ጉንዳ ጉንዴ የሆነው፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አልሰገዱም ብለው ከሰሱዋቸው፤ ብዙዎቹ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያን በኋላ ያጸናችው ትምህርት የሁለቱንም ጫፍ አልያዘም። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለመስቀል፣ ለሥዕል፣ ለቅዱሳን የሚሰገደው የጸጋ ስግደት ነው፤ ክብሩም ከዕንጨቱና ከቀለሙ አልፎ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ታላቁ ባስልዮስ ይህን ሲያስረዳ የጠቀሰው ምሳሌ የንጉሥ ምስል ነበር፤ ለምስሉ የተሰጠው ክብር ለንጉሡ ይደርሳል። በዚህ መለኪያ የምኒልክ ብር አንበሳ ክብሩን ወደ ማን እንደሚያስተላልፍ ካልታወቀ ሥዕልም ማኅተምም ሆኖ መቆም አይችልም።

ምልክቱ ለማን እንደሚመሰክር የሚለየው ንጉሡ ሲሸነፍ ነው። አፄ ዮሐንስ በጥር 1864 አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ፤ ከአክሱም ጽዮን ጋር የተያያዘውን ንጉሠ ጽዮን የሚለውን ስም ከማዕረጋቸው ጋር ጻፉ፤ የሰሎሞን ማኅተም የተባለውንም ኒሻን አቋቋሙ። በ1870ዎቹ ጣሊያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ መቀሌ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠራላቸው። ዙፋናቸውንም የሠራው እርሱ ነው። በራሳቸው ስም ሳንቲም አላሠሩም፤ በዘመናቸው የሚሠራበት ማርትሬዛና አሞሌ ነው። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

አንበሳው ንጉሡ ከሆነ መተማ ቃሉን ሐሰት አድርጎታል። አንበሳው ክርስቶስ ከሆነ መተማ ስለ ቃሉ የሚለው ነገር የለም፤ እንዲያውም ለእምነታቸው ሲዋጉ የሞቱት ንጉሥ ከታረደው በግ ይልቅ ለማንም አይቀርቡም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ግን ይህን ሁለተኛውን መልስ የመረጠ ሰው ዋጋ ይከፍላል። ምልክቱ በጦር ሜዳ የማይሸነፍ ከሆነ በጦር ሜዳ ላሸነፈውም አይመሰክርም። የዐድዋን ድል የአንበሳው ድል ብሎ መተማን ከአንበሳው ሒሳብ ማውጣት አይቻልም። ነገሥታቱ የፈለጉት ሁለቱንም ነው፤ ሲያሸንፉ አንበሳው እነርሱ ናቸው፣ ሲሸነፉ አንበሳው በሰማይ ነው። መጋቢት 1928 ላይ ከመቀሌ በስተደቡብ ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሲፈታ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ድሉ በአንበሳው ላይ የተገኘ ድል እንዲመስል ነው። ዘርአይ ድረስ ሮም ላይ በአንበሳው ፊት ጎራዴ መዝዞ የተነሣበት ታሪክ ግን ማራኪው ያሰበውን ትርጉም እንዳላገኘ ያሳያል። የተማረከው ነሐስ ሆነ እንጂ ምልክቱ አልተማረከም።

አፄ ዮሐንስ በብር ላይ የወጡት ከሞቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በ1964 ዓ.ም. ለሰብሳቢዎች ተብለው ከተሠሩት የብር ሳንቲሞች መካከል የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ዮሐንስ፣ የዳግማዊ ምኒልክና የንግሥት ዘውዲቱ ምስሎች ነበሩበት። ሥርወ መንግሥቱ ያለፉትን በብር ሲደረድር ራሱ ሦስት ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ አንበሳውን ወዲያው አላስወገደውም። ከሰንደቁ አንበሳ ላይ ዘውዱ ተነሣ፤ የበትሩ ጫፍ የነበረው መስቀል ወደ ጦር ጫፍ ተለወጠ። በ1969 ዓ.ም. በወጡት ሳንቲሞች ላይ የቀረው አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ ነው። አሁን በሚሠራበት የአንድ ብር ሳንቲም ላይም ሚዛኑ በአንድ ገጽ፣ የአንበሳ ራስ በሌላው ገጽ ነው።

የመስቀሉ ወደ ጦር መለወጥ ከዘውዱ መነሣት ይበልጥ የሚነገርለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነገረው ስለ ዘውዱ ነው። ዘውዱ ሲነሣ ንጉሡ ወጣ። መስቀሉ ጦር ሲሆን የድሉ ዓይነት ተለወጠ፤ በመታረድ የተገኘው ድል በመውጋት በሚገኘው ተተካ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት የሰብሳቢ ብሮች ነገሩን እስከ መጨረሻው ገፉት። በ1970 ዓ.ም. ለዱር አራዊት ጥበቃ ከወጡት የብር ሳንቲሞች በአንዱ ላይ ጥንብ አንሣ፣ በሌላው ላይ የደጋ አጋዘን አለ። አጋዘኑ የከበረው አጋዘን በመሆኑ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ አይጠቁምም፣ ንጉሥንም ክርስቶስንም አያነሣም። እንዲህ ያለው ምልክት አይዋሽም፤ የሚመሰክረው ነገር ስለሌለ። ይህን እንደ መንጻት የሚያዩት አሉ። በሌላ በኩል አንበሳ የሚያህል ነገር ከራሱ በላይ ምንም ሳይናገር ሲቀር የጎደለ ነገር እንዳለ አለመታዘብ ያስቸግራል።

አሻሚነቱ እስከ ጫፍ ሲሄድ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ጃማይካ ላይ ታይቷል። ራስ ተፈሪያውያን የአንበሳውን ቃል ከንጉሠ ነገሥቱ ስም ጋር ተጣብቆ ስላገኙት ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት፤ አንበሳው ክርስቶስ ከሆነ፣ ንጉሡም አንበሳ ከተባሉ፣ ንጉሡ መሲሑ ናቸው አሉ። ከቀረበላቸው ነገር ያወጡት ድምዳሜ በአመክንዮ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ከእነርሱ በፊት የተሠራ ነው፤ የተለያዩት ገጾች በአንድ ማዕረግ ሲሰፉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በደሴቲቱ ላይ ስታስተምርና ስታጠምቅ ያደረገችው ንጉሡን ከአንበሳው መልሶ መለየት ነበር።

የምኒልክ ብርና ማርትሬዛ አብዛኛው ክፍላቸው ዛሬ በሰብሳቢ እጅ የለም። አንጥረኞች አቅልጠው የአንገት መስቀል፣ አምባርና ጉትቻ ሠርተውባቸዋል፤ በትግራይም የአሮጌ የብር ጌጥ ጥሬ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ጠገራ ነው። ሰብሳቢው ይህን እንደ ጥፋት ያየዋል፤ አንበሳው ተደምስሷልና። ካህኑ ግን የመስቀሉ ብር ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። መስቀሉ በመስቀል ቅርጽ ስለተሠራና ስለተባረከ ይሳለሙታል፤ ቀድሞ በብሩ ላይ የነበረው አንበሳ ወይም ንስር ለዚያ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። በሌላው በኩል አንጥረኛው ያላቀለጠው ብር፣ መስቀልም አንበሳም ቃሉም ያለበት፣ በገበያ የሚሸጠው በተነሣው እግር፣ በዓመቱና ባልተፋቀው ዳር ነው። የጸጋ ስግደት የሚሰገድለት መስቀሉ እንጂ አንበሳው አይደለም፤ በሁለቱም ጽሑፎች፣ በኦሪትም በራእይም፣ አንበሳ የሚጠቁመው ወደ ሌላ ነው።